አስተዳዳሪ ሆኜም ፈቃድ የለህም የሚለኝ አምስተኛው ላፕቶፕ

የመነሻ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ስምንት ያገለገሉ ላፕቶፖች አሉኝ፤ ሁሉም ዊንዶውስ 10 ናቸው። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ የመውጫ ፈተና የሚጠብቁ ልጆች ሲሆኑ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሥርዓት) የሚለማመዱት በቨርቹዋልቦክስ ውስጥ በተጫነ ኡቡንቱ፣ በአንዱ የሊኑክስ ዓይነት ነው። ቨርቹዋልቦክስ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር መስሎ የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሣ ፕሮግራም ነው። በየላፕቶፑ ላይ ተማሪ ብዬ የሰየምኩት፣ የአስተዳዳሪነት መብት የሌለው አካውንት አለ። የቨርቹዋል ማሽኑ ፋይሎች ደግሞ ሲ ድራይቭ ላይ ላብ ብዬ በከፈትኩት ፎልደር ውስጥ ናቸው።

ዓርብ ማታ አዳዲስ ፕሮግራሞች የጨመርኩበትን የኡቡንቱ ዲስክ፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኑ እንደ ሃርድ ዲስክ የሚጠቀምበትን ትልቅ ፋይል፣ በስምንቱም ላፕቶፖች ላይ በአሮጌው ምትክ አስቀመጥኩ። የመጨረሻውን ዘግቼ ልነሣ ስል መብራት ጠፋ። ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎች ሲገቡ ሰባቱ ተነሡ፤ አምስተኛው እምቢ አለ። ማሽኑ በዝርዝሩ ላይ ይታያል፤ አስጀምር ሲሉት ግን የዲስኩን ፋይል ለመክፈት ፈቃድ የለም ብሎ ይቆማል። በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነክቼ እንደ አስተዳዳሪ አስጀምር የሚለውን መረጥኩ። የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ የራሴን ሰጠሁት። ቨርቹዋልቦክስ ተከፈተ፤ የተማሪዎቹ ማሽን ግን ከዝርዝሩ ጠፍቷል። ፎልደሩን ላብ ብዬ መሰየሜ ትንቢት ሆነብኝ፤ ላብ አጠመቀኝ።

ጥፋቱ የመብራቱ ነው ወይስ የፈቃዱ? የምታውቁ ብትረዱኝ።

(ውይይቱ ስለረዘመ፣ በኋላ ተመሳሳይ ነገር ለሚገጥመው ሰው እንዲቀል መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬያቸዋለሁ። ስድቡን ቀንሻለሁ፤ ሁሉንም ግን አይደለም።)

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ትሑት ሰው ነበር። ከጎንደር እንዲህ ያለ ጥያቄ በመምጣቱ ደስታውን ገለጸ፣ ለተማሪዎቼ መልካም ውጤት ተመኘ፣ ከዚያም ኮምፒውተሩን አጥፍቼ እንዳበራው መከረኝ። አጥፍቼ አብርቼው ነበር፤ መልካም ምኞቱን ግን ተቀብያለሁ።

መልስ 2

ሁለተኛው ነገሩን ከባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት ከሚነሣው ፕሮግራም) ጋር አያያዘው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሲሞት የባዮስ ምርጫዎች ወደ ፋብሪካ ሁኔታቸው ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋል ማሽን እንዲያስነሣ የሚረዳው ቪቲ-ኤክስ የሚባለው አገልግሎትም ሊዘጋ ይችላል አለ። ገብቼ እንዳበራው የአገባቡን መንገድ ሁሉ በዝርዝር ጻፈልኝ።

መልስ 3

ይኸኛው እርስዎ ብሎ ጀመረ፤ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ አንተ ሆንኩ። ጠቡ ግን ከእኔ ይልቅ ከ2 ጋር ነበር። ቪቲ-ኤክስ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የፕሮሰሰር ችሎታ ነው፤ ሲዘጋ ቨርቹዋልቦክስ ራሱ ቪቲ-ኤክስ የለም ብሎ በግልጽ ይናገራል እንጂ ስለ ፋይል ፈቃድ አያወራም ብሎ አረመው። የስህተት መልእክት የሚጻፈው እንዲነበብ ነው፣ እዚህ አገር ግን ቀይ ምልክት ሲታይ ሁሉም ያየውን ትቶ የሚያውቀውን መድኃኒት ያዝዛል ሲል አማረረ። ቁጣው ባይጥመኝም እርማቱ ልክ ነበር።

መልስ 4

አዘዞ የጥገና ሱቅ ያለው አንድ ወንድማችን የመብራቱን ነገር አነሣ። ቨርቹዋልቦክስ የእያንዳንዱን ማሽን ቅንብር በአንዲት ትንሽ ፋይል ይጽፋል። መብራት የሚጠፋው እሷ በምትጻፍበት ቅጽበት ከሆነ ፋይሏ ባዶ ሆና ትቀራለች። አንድ ደንበኛ እያለቀሰ መጥቶ ሱቁ ውስጥ የሆነውንም ተረከ፦ የፋይሏ መጠን ዜሮ ነበር። ከጎኗ ግን ስሟ ፕሬቭ በሚል ቃል የሚያበቃ ሌላ ፋይል አለ፤ ቨርቹዋልቦክስ ከመጨረሻው ለውጥ በፊት የነበረውን ቅንብር የሚያኖርባት ናት። ባዶዋን አንሥቶ፣ የፕሬቭን ስም ወደ ዋናው ቀይሮ ማሽኑን አስነሣ። ደንበኛው ዕንባውን ሳይጠርግ ዋጋ መከራከር ጀመረ አለን።

የእኔን አየሁ፤ ፋይሏ ሙሉ ናት። ይህን መልስ ግን ለራሴ በወረቀት ገልብጬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። በእኛ ከተማ ይዋል ይደር እንጂ የማይፈልገው የለም።

መልስ 5

መብራት ሲነሣ ወሬው ወደ ባትሪ ሄደ። አንድ ሰው ለስምንት ላፕቶፕ የሚሆን ዩፒኤስ ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀ፤ ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ እያለው ዩፒኤስ ምን ይሠራል ብሎ ሌላው እዚያው ሥር መለሰለት። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠይቅም። የእኔ ሦስተኛው ላፕቶፕ ከሶኬት ሲነቀል ደህና እደሩ ለማለት ጊዜ አይሰጥም።

መልስ 6

ስድስተኛው በሙሉ ልብ፣ አንድ መስመር ብቻ ጽፎ አለፈ፦ ተማሪ የሚለውን አካውንት የአስተዳዳሪዎች ቡድን አባል አድርገው፣ ያበቃል። አደረግኩት። ከአካውንቱ ወጥቼ ገባሁ፣ ማሽኑን አስነሣሁት፤ ያው መልእክት መጣ፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። አስተዳዳሪ ሆኖ ፈቃድ መከልከልን ያን ዕለት አየሁ።

መልስ 7

ይህን ስጽፍ አንዲት መምህርት ገባች። ሥርዓት ባለው አማርኛ፣ ተማሪ ሳትንቅ የምታስረዳ ሴት ናት። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ፣ የአስተዳዳሪ ቡድን አባል የሆነ ሰው ሲገባ ሁለት ማንነት ያዘጋጅለታል አለች። አንዱ ሙሉ ሥልጣን ያለው ነው፤ ሌላው ሥልጣኑ የተቀነሰ። ዕለታዊ ሥራው ሁሉ የሚካሄደው በተቀነሰው ነው፤ ሙሉው የሚወጣው ያ ማያ ገጹን የሚያጨልም ጥያቄ መጥቶ እሺ ሲባል ብቻ ነው። የቢሮ ኃላፊነት መታወቂያውን ኪሱ ውስጥ ከትቶ እንደማንኛውም ባለጉዳይ የሚሰለፍ ሰው በሉት አለች፤ ዘበኛው የሚያየው ደረቱ ላይ ያለውን እንጂ ኪሱ ውስጥ ያለውን አይደለም። ስለዚህ ፋይሉ ለአስተዳዳሪዎች ብቻ የተፈቀደ ከሆነ ተማሪን አስተዳዳሪ ማድረጌ መታወቂያ ሰጠው እንጂ ደረቱ ላይ አላደረገለትም።

የቢሮ ወረፋ ላይ ለቆመ ጎንደሬ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

መልስ 8

ስምንተኛው ከዚያ መልስ የወሰደው ግማሹን ነው። እንግዲያው አሁን እንደ አስተዳዳሪ አስጀምር የሚለውን ተጫነው፣ ይሠራል አለ። ሠራ! ተማሪ ራሱ አስተዳዳሪ ስለሆነ ሌላ ሰው የይለፍ ቃል አልተጠየቀም፤ ዝርዝሩም የራሱ ስለሆነ ማሽኑ በቦታው ነበረ፤ ኡቡንቱ ተነሣ። እዚሁ ላይ አመሰገንኩት፣ ጉዳዩ ተፈታ ብዬም ጻፍኩ። ቸኩያለሁ።

መልስ 9

ዘጠነኛዋ የአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ የምታስተዳድር ሴት ናት፤ ስሟን አልጻፈችም፣ ሰላምታም አልሰጠችም። የተፈታ ነገር የለም፣ በሩን ሰብራችሁ ገብታችሁ ቁልፍ አገኘን ትላላችሁ የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጠች። ሦስት ነገር አነሣች።

አንደኛ፣ ማሽኑ ከዝርዝር የጠፋብኝ አልጠፋም ነበር። ቨርቹዋልቦክስ የማሽኖቹን ዝርዝር የሚያኖረው በእያንዳንዱ ተጠቃሚ የግል ፎልደር ነው። የእኔን የይለፍ ቃል ስሰጠው ፕሮግራሙ የተከፈተው በእኔ ስም ስለሆነ ያሳየኝም የእኔን ዝርዝር ነው። ሁለተኛ፣ ከመስኮቶቹ ጀርባ የሚሠራ አንድ የቨርቹዋልቦክስ አገልግሎት አለ፤ አንዴ በሙሉ ሥልጣን ተነሥቶ ሳለ ሌላ መስኮት በተራ ሥልጣን ሲከፈት ሁለቱ አይግባቡም፤ አዲስ የፈቃድ ስህተት ይወለዳል። ሦስተኛ፣ በተማሪ አካውንት የሚገባ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አሁን በላፕቶፔ ላይ የፈለገውን መጫን ይችላል።

ሦስተኛውን ሳነብ ሳቅሁ። ሰኞ ዕለት ግን አንድ ተማሪ ፋይል ከዴስክቶፑ ወደ ኡቡንቱ እየጎተተ ማስገባት እንዳቃተው ነገረኝ፤ ዓርብ ድረስ ይችል ነበር። ዊንዶውስ በተራ ሥልጣን ከሚሠራ መስኮት ወደ ባለሙሉ ሥልጣን መስኮት እንዲህ መጎተትን አይፈቅድም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያው ልጅ የመኪና ጨዋታ ጭኖ አገኘሁት።

መልስ 10

ስምንተኛው ተመልሶ መጣ። የሚሠራ ነገር ይሠራል፣ ልጆቹ መማር ነው የሚፈልጉት፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ግን ቀላሉን ማክበድ ልማዳቸው ነው አለ። ቀጥሎ የጻፈውን ትቼዋለሁ። ሦስተኛው መላሽም በዚህ መሐል ገብቶ ሁለቱንም ተቆጣ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

መልስ 11

ጠቡ ሲጋጋል ከውጭ አገር የሚጽፍ አንድ የከተማችን ልጅ ስለ ላፕቶፑ ምንም ሳይል ክፍሌ ፒያሳ የትኛው ፎቅ ላይ እንደሆነ ጠየቀ። በልጅነቱ ከፋሲል ግቢ ግንብ ሥር ኳስ ሲጫወት ኳሱ ግንቡን አልፎ ከገባ ዘበኛውን መለመን እንደነበረበት አስታወሰ። አራት ሰዎች ስለዚያ ዘበኛ ጻፉ። ለአንድ ሰዓት ያህል ቨርቹዋል ማሽን የሚባል ነገር ተረሳ፤ እኔም አልከፋኝም።

መልስ 12

ውይይቱን ወደ ነገሩ የመለሰው በሃይፐር-ቪ የሚሠራ ሰው ነው። ሃይፐር-ቪ ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ውስጥ የሚሰጠው የራሱ ቨርቹዋል ማሽን ማስነሻ ነው፤ በፕሮ ዊንዶውስ ላይ አለ፣ በሆም ላይ የለም። እዚያም ተራ ተጠቃሚ ሲከፍተው የሚፈለገው ፈቃድ የለህም ይባላል፤ መድኃኒቱ ግን ሰውየውን የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ ማድረግ አይደለም። የሃይፐር-ቪ አስተዳዳሪዎች የሚባል ለብቻው የቆመ ቡድን አለ፤ እዚያ ማስገባት ይበቃል፤ ወጥቶ መግባት ብቻ አይረሳ አለ።

ከዚያ ያለው ነገር የበለጠ ገረመኝ። በሃይፐር-ቪ እያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን የራሱ መለያ አለው፤ የዲስኩን ፋይል የሚከፍተውም በዚያ መለያ ነው። አንድ ጊዜ የዲስክ ፋይል ከሌላ ቦታ አምጥቶ በአሮጌው ስም ሲተካ በ80070005 የሚያበቃ ስህተት ገጠመው፤ ትርጉሙ መግባት ተከልክሏል ነው። እሱ ሙሉ አስተዳዳሪ ነበር፤ የተከለከለው ግን እሱ ሳይሆን ማሽኑ ነበር። ዲስኩን ከማሽኑ ቅንብር አውጥቶ እንደገና ሲያያይዘው ሃይፐር-ቪ ራሱ ለማሽኑ ፈቃዱን ጻፈለትና ተነሣ። እኛ የምንጠይቀው እኔ ማን ነኝ ብለን ነው፤ መጠየቅ ያለበት ፋይሉ ማንን ያውቃል የሚለው ነው ሲል ደመደመ።

መልስ 13

ሊኑክስ ወዳዱ ሰው የግድ መምጣት ነበረበት፤ መጣ። ዊንዶውስን ካላወገዘ አይጀምርም። ውግዘቱን ካለፍነው ግን ጠቃሚ ነገር ነበረው፦ በሊኑክስ ላይ ኬቪኤም (የሊኑክስ የራሱ ቨርቹዋል ማሽን ማስነሻ) ለተራ ተጠቃሚ ፈቃድ ሲከለክል ሰዎች ሁሉንም በሩት፣ ሙሉ ሥልጣን ባለው አካውንት፣ ማስነሣት ይቀናቸዋል፤ የሚያስፈልገው ግን ተጠቃሚውን ኬቪኤም በሚባለው ቡድን ውስጥ አስገብቶ ወጥቶ መግባት ነው። ከኡቡንቱ 21.04 ጀምሮ ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው የግል ፎልደር ለሌሎች ተጠቃሚዎች ዝግ ሆኗል፤ በዚህ የተነሣ ዲስኩን የግል ፎልደር ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ቨርቹዋል ማሽኑ በሌላ ተጠቃሚ ስም ሲነሣ ዲስኩ ጋ መድረስ እንዳቃተው ያያል። እዚህም ያው ነው፤ የሰውየው ሥልጣን ሳይሆን የፋይሉ አድራሻ ነው ጉዳዩ።

መልስ 14

ዘጠነኛዋ ተመለሰች። ለ10 አንዲት ቃል አልመለሰችለትም፤ ይህን ወደድኩላት። ለእኔ ሁለት ጥያቄ ብቻ አቀረበች። በአራተኛውና በአምስተኛው ላፕቶፕ ላይ የዲስኩን ፋይል ንብረቶች ከፍቼ፣ ሴኪዩሪቲ በሚለው ገጽ የተዘረዘሩትን ስሞች እንዳነብላት ጠየቀች። ሁለተኛው ጥያቄዋ ዓርብ ማታ ፋይሉን በአምስተኛው ላይ ያስቀመጥኩት ኮፒ አድርጌ ነው ወይስ ቆርጬ የሚል ነበር።

መልስ 15

ይህ የራሴ መልስ ነው፤ ስጽፈው ጆሮዬ ግሎ ነበር። በአራተኛው ላፕቶፕ ላይ ከሲስተሙ (ከራሱ ከዊንዶውስ) እና ከአስተዳዳሪዎቹ ሌላ ተጠቃሚዎች የሚልና ማንነታቸው የተረጋገጠ ተጠቃሚዎች የሚል ስም አለ። በአምስተኛው ላይ ሦስት ብቻ ናቸው፦ ሲስተሙ፣ አስተዳዳሪዎቹ፣ እና የእኔ የራሴ ስም።

ስሜን እዚያ ሳየው ገባኝ። አምስተኛው ላፕቶፕ ቀድሞ የግሌ ነበር፤ የተሻሻለውን ዲስክ ያዘጋጀሁትም እዚያው ላይ፣ በራሴ አካውንት፣ ዶኩመንትስ ውስጥ ነው። ለሰባቱ በውጭ ሃርድ ዲስክ ወስጄ ኮፒ አደረግኩ። አምስተኛው ግን ጠቅላላ መጠኑ 120 ጊጋባይት ነው፤ አሮጌውን ፋይል ካጠፋሁ በኋላ እንኳ 9 ጊጋባይት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ አዲሱ ዲስክ ደግሞ 14 ነው። ስላልበቃኝ ቆርጬ ላብ ፎልደር ውስጥ ለጠፍኩት። በመነሻው ጥያቄ ላይ ይህን አልጻፍኩም፤ ነገር መስሎ አልታየኝማ።

መልስ 16

ሦስተኛው መላሽ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ የት እንዳመመው የማይናገር በሽተኛ አደረገኝ፤ አሥራ አራት ሰው ጊዜውን አቃጠለ አለ። ዘበኛውን ሲያስታውሱ የነበሩትንም ቆጥሮብኝ መሆን አለበት።

መልስ 17

ዘጠነኛዋ በዚህኛው መልሷ ለስላሳ ሆና መጣች። ፋይል በአንድ ድራይቭ ውስጥ ተቆርጦ ሲለጠፍ ከቦታው አይነቃነቅም አለች። የሚለወጠው መዝገብ ላይ ያለው አድራሻው ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው 14 ጊጋባይት በዐይን ጥቅሻ የሚያልቀው። ፋይሉ ያው የድሮው ፋይል ስለሆነ የፈቃድ ዝርዝሩንም እንደያዘ ይሄዳል። ዶኩመንትስ ውስጥ የተወለደ ፋይል ባለቤቱን፣ ሲስተሙንና አስተዳዳሪዎችን ብቻ ያውቃል፤ ላብ ፎልደር ውስጥ ቢገባም ጠባዩ የጓዳ ነው። ኮፒ ሲደረግ ግን አዲስ ፋይል ይፈጠራል፤ አዲሱ የሚወርሰው የገባበትን ቤት ደንብ ነው። ወደ ሌላ ድራይቭ መቁረጥም በተግባር ኮፒ አድርጎ መሰረዝ ስለሆነ የአዲሱን ቤት ደንብ ይይዛል። ሰባቱ የሠሩት ለዚህ ነው፤ መብራቱ ከደሙ ንጹሕ ነው።

መልስ 18

መፍትሔውን መምህርቷ፣ ማለትም 7፣ ጻፈችው። የትእዛዝ መስኮቱን አንድ ጊዜ ብቻ በሙሉ ሥልጣን ከፍቼ፣ አይካክልስ የሚባለውን ትእዛዝ በላብ ፎልደር ውስጥ ባለው ፋይል ላይ ሪሴት ከሚለው ምርጫ ጋር እንድሰጥ ነገረችኝ። ይህ ፋይሉ ይዞት የመጣውን ዝርዝር ጥሎ የፎልደሩን እንዲወርስ ያደርገዋል። በዚያች ፋይል ላይ ብቻ ብላ ሁለት ጊዜ ደገመችው።

መልስ 19

ለምን ሁለት ጊዜ እንደደገመችው ያሳየው ማራኪ አካባቢ የሚኖር አንድ ወጣት ነው። ከዓመት በፊት በአንድ የፈቃድ ስህተት ተናዶ የሲ ድራይቭን በሙሉ ባለቤትነት ወደ ራሱ አዞረ፤ የዊንዶውስን ፎልደር ጭምር። ለሁለት ቀን የድል ስሜት ተሰማው። በሦስተኛው ቀን ማሻሻያው አልጫን አለ፣ ቀጥሎ የጀምር ቁልፉ መልስ መስጠት አቆመ፤ በመጨረሻ ዊንዶውስን ከሥር ጀምሮ እንደገና ጫነ። የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ስለነበር ተረፈ።

መልስ 20

ትእዛዙን ሰጠሁ። አንድ ፋይል በተሳካ ሁኔታ ተሠርቷል የሚል አጭር መስመር መጣ፤ የሴኪዩሪቲው ገጽ ላይ ስሜ ጠፍቶ የሌሎቹ ስሞች ገቡ። ስሜ በመጥፋቱ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ተማሪን ከአስተዳዳሪዎች ቡድን አወጣሁት፣ የመኪናውን ጨዋታ አራገፍኩ፣ ከአካውንቱ ወጥቼ ገባሁ። ቨርቹዋልቦክሱን እንደማንኛውም ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ነክቼ ከፈትኩት። ኡቡንቱ ተነሣ፤ ፋይል መጎተቱም ተመለሰ።

መልስ 21

ስምንተኛው እሱ የሰጠኝ መንገድም ልጆቹን ሁለት ቀን እንዳስተማረ እንዳይረሳ አሳሰበ። እውነት ነው፤ አስተምሯል። ዘጠነኛዋ በአውራ ጣት ምልክት አለፈችው፤ የእርቅ ይሁን የንቀት ለማወቅ ይቸግራል።

መልስ 22

አንዲት እናት ልጇ ቅዳሜና እሑድ መማር ይችል እንደሆነ ጠየቀች። ይችላል። ላፕቶፕ ካለው ይዞ ቢመጣ ይመረጣል።

መልስ 23

ይህም የእኔ ነው። ማታ በራሴ አካውንት ገብቼ ቨርቹዋልቦክስ ብከፍት፣ ዲስኩን ያዘጋጀሁበት የግል ማሽኔ በሌለ ፋይል ላይ ተንጠልጥሎ አይነሣም አለ። ዲስኩን ቆርጬ ለተማሪዎቹ ሰጥቼው የለ! ምን ላድርግ ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛው መላሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ዘጠነኛዋ የውጭውን ሃርድ ዲስክ እንዳመጣና ማሽኑን እዚያ ላይ ባለው ፋይል ላይ እንዳስነሣው ነገረችኝ፤ ወደ ላፕቶፑ ለማምጣት ቦታ ካገኘሁ ደግሞ በዚህኛው ጊዜ ኮፒ ላድርግ።